የላስገሎን በር ማን ከፈተው

በየዓመቱ ሰኔ አሥራ ሰባት ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ነጭ መኪና ድሬዳዋ ጥላ ሰፈር ይመጣና ኤልዳና ተካልኝን ይዞ ወደ ዓለም ታሪክ አዳራሽ ይሄዳል። በ2092 ዓ.ም. እንደዚሁ መጣ። ኤልዳና ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አስቸገራት እንጂ ዓይኗም ጆሮዋም ደኅና ነው። ሰፈሩ «እማማ ኤልዳና» ይላታል፤ አዳራሹ ደግሞ «የጀግናው ባለቤት»። መቀመጫዋ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመሃለኛው ወንበር ቀጥሎ ነው። መሃለኛው ባዶውን ይተዋል። የባሏ የናሆም ነበር፤ ናሆም ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ደጅ የሚታይ ሰው የለም። ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ መቆም ከተከለከለ ቆይቷል። ተማሪዎቹ በምድር ለምድር መተላለፊያው ተሰልፈው ገቡ። አዳራሹ ይቀዘቅዛል፤ ከሚመጣው ሕዝብ ስንቱ ለታሪኩ፣ ስንቱ ለቅዝቃዜው እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ በብርሃን የሚሠሩት አጫጭር የታሪክ ትርኢቶች ቀረቡ። ሳራዬቮ ላይ ተኳሹ ሳተ፤ ልዑሉ ለሕዝቡ እጁን እያወዛወዘ አለፈ። ይህ የበዓል ቀን ቅጂ ነው፤ በአዘቦት ቀን ጥይቱ ያገኘዋል። የበርሊንን ግንብ አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ብቻዋን በመዶሻ አፈረሰችው። ከበረዶ ጋር የተላተመችው ትልቋ መርከብ ልጆች ባሉበት ሰዓት አትሰጥምም። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ላስገሎ መጣ።

ላስገሎን የማያውቅ የለም። በ2041 ዓ.ም.፣ የሳንባው ትኩሳት ዓለምን ባስጨነቀበት ዓመት፣ ከወደብ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ጭኖ የተነሣ ባቡር ድንበሩ አጠገብ ባለች ላስገሎ በምትባል ትንሽ ጣቢያ እንዲቆም ታዘዘ። ሐኪሞች እስኪመጡ በሮቹ እንዳይከፈቱ ተባለ። ሐኪሞቹ አልመጡም። መብራት ተቋረጠ፤ ማቀዝቀዣው ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በዚያ በረሃ ፀሐይ ሰው በብረት ሣጥን ውስጥ ተቀቀለ። ከዚያ አንድ ሰው ትእዛዝ ጥሶ በሩን ከፈተ። ውስጥ የነበረ አንድ መንገደኛ በስልኩ ቀርጾት ነበር፤ የሚታየው የሚወዛወዝ ብርሃን፣ የሰው እግርና ድንገት የሚከፈት በር ብቻ ነው። ያ አርባ ሰከንድ ዓለምን ዞረ። በሳምንቱ ውስጥ በሦስት አህጉር ወታደሮች የታሸጉ መርከቦችንና ካምፖችን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። በዓመቱ መቶ ስድሳ አገሮች «የላስገሎ ቃል» የተባለውን ሕግ ፈረሙ፤ ሰው በመታመሙ አይቆለፍበትም የሚለውን።

አዳራሹ መሃል ላይ ባቡሩ ቆመ። የፀሐዩ ግለት ተመልካቹን ፊቱ ላይ መታው። የጣቢያው አለቃ ናሆም፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ ከሐዲዱ ዳር ቆሟል። ግንባሩን ጠረገ። የታዘዘበትን ወረቀት ቀደደ። ከፈተ።

ኤልዳና የምታየው ናሆምን አልነበረም። ከባቡሩ ኋላ፣ የውኃ በርሜሉ አጠገብ፣ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አንዲት ሰማያዊ ሽርጥ ያሸረጠች ሴት ባልዲ ይዛ ትቆም ነበር። ዘንድሮ በርሜሉ ብቻ ነው ያለው።

«ሮዳ የታለች?» አለች ኤልዳና፣ ድምፅ አውጥታ። አጠገቧ የተቀመጠችው መምህርት ፈገግ ብላ እጇን ጨበጠቻት፤ አሮጊቷ ባሏን አይታ የተረበሸች መስሏት።

በአዳራሹ የሚሠሩ ሰዎች «አዳራሹ አይዋሽም» ይላሉ። አዳራሹ የተመልካቹን ዓይን ይከተላል። ሰው የት ጋ እንደፈዘዘ፣ የት ጋ ትንፋሹን እንደዋጠ፣ የት ጋ ፊቱን እንዳዞረ ያያል፤ በማግስቱም ጥቂት ያስተካክላል። ጥቂት ነው፤ ለማንም አይታወቅም። በ2067 ዓ.ም. አዳራሹ ሲከፈት በሩን የምትከፍተው የጣቢያዋ ጽዳት ሠራተኛ ሮዳ ዋበሪ ነበረች። ሮዳ ግን በሩን ከፍታ፣ ሰው አውጥታ፣ ትኩሳቱ ይዟት በሳምንቷ ትሞታለች፤ ተመልካቹ ደግሞ መጨረሻውን አልወደደውም። ሰው ልቡ የሚለወጥ አለቃ ይወዳል። በአምስተኛው ዓመት ናሆም ቁልፍ ሲያቀብላት ታየ። በአሥረኛው አብረው ከፈቱ። በአሥራ አምስተኛው እሱ ከፈተ፣ እሷ ውኃ አቀበለች። ዘንድሮ ውኃው ብቻ ቀረ።

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር፣ አንዲት ሴት የኤልዳናን በር አንኳኳች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ሸብ ያደረገች ናት። ከገንደ ቆሬ ሰፈር እስከ ጥላ ሰፈር በእግሯ መጥታ ኖሮ ከንፈሯ ደርቋል።

«ፋርዶሳ እባላለሁ» አለች። «የሮዳ ዋበሪ ልጅ ነኝ።»

ኤልዳና ይህን ስም ለሃምሳ አንድ ዓመት ስትጠብቀው የኖረች ያህል ተሰማት። አስገብታ ውኃ ሰጠቻት። ፋርዶሳ እንደ ድሬ ሰው ነው የምታወራው፤ ትልቅ ትንሹን አንቺ ትላለች።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር» አለች። «ፎቶ እንኳ የላትም። ፊቷን የማየው እዚያ አዳራሽ ነበር፤ በየዓመቱ እሄዳለሁ። እየራቀች፣ እያነሰች ስትሄድ ዝም አልኩ። ከኋላም ብትቆም ትቁም፣ አያታለሁ ብዬ። ዘንድሮ የለችም። ጣቢያው ላይ ከነበሩት በሕይወት ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ አሉኝ። ማን ነው የከፈተው? ባልሽ ነው?»

«አይደለም» አለች ኤልዳና። «እናትሽ ናት።»

ፋርዶሳ ብርጭቆውን አስቀመጠች። አላለቀሰችም። «እንግዲያው እሱን በይልኝ» አለች። «ሳትሞቺ።»

ኤልዳና ቃል ገባች። ቃል ስትገባ ግን ሁሉን አልነገረቻትም፤ የቀረውን ለመናገር አፏ አልታዘዛትም።

ልጇ ሚካያ ይህን በሰማ ጊዜ ቤት ውስጥ ሦስቴ ተመላለሰ። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ጥላ ሰፈር ከላይ በተዘረጋው ጣሪያ የተነሣ ከሌላው ከተማ በአሥራ ሁለት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ መኖር የሚፈቀደው ለአዳራሹ ዋና ባለታሪክ ቤተሰብ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ የምንኖረው እኮ በአባዬ ስም ነው» አለ። «ልጆቼን የት ላድርጋቸው? ገንደ ቆሬ? ባለፈው በጋ እዚያ ስንት ሕፃን እንደሞተ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«አባዬ በሩን አልከፈተም እያልሽ ነው?»

«አባትህ ክፉ ሰው አልነበረም። ትእዛዝ ነው ብሎ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቢሮው ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ዋለ። አዳራሹ ከተከፈተ በኋላ ራሱን እያየ እያየ በመጨረሻ ከፍቼ ነበር አለኝ። አልዋሸኝም ሚካያ፤ አምኖት ነው የሞተው።»

ሚካያ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

ሐምሌ ስድስት ቀን ኤልዳና ወደ አዳራሹ ምስክርነት ክፍል ሄደች። የተቀበላት ያፌት የሚባል ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ጨዋ ወጣት ነበር። ወንበር ሳበላት፤ ውኃ አቀረበላት፤ «እርስዎ» እያለ በትሕትና ጠየቃት። ክፍሉ ውስጥ ከጠረጴዛና ከሁለት ወንበር በቀር ምንም አይታይም።

«ከየት ልጀምር?» አለች።

«ከሚያስታውሱት።»

«ሁሉንም አስታውሳለሁ። እኔ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ። ከባቡሩ ውስጥ ይደበድባሉ። መጀመሪያ በጡጫ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በመዳፍ ሆነ። ደከሙ ማለት ነው። ሮዳ ወደ ትኬት መስኮቴ መጣች። ‹አንቺ ልጅ፣ ቁልፍሽን አምጪው› አለችኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የፉርጎዎቹን በር የሚከፍት ቁልፍ። ሦስት ነበር። ሁለቱን ናሆም ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ሦስተኛው እኔ ጋ ነው። ረስቶታል።»

«ምን አሏት?»

«የለኝም አልኳት።»

ያፌት ውኃውን ወደ እሷ አስጠጋላት።

«ኪሴ ውስጥ ነበር» አለች ኤልዳና። «በቀኝ ኪሴ። እያወራኋት በጣቴ እነካው ነበር። ሥራውን ለማግኘት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። በሽታውንም ፈራሁ። እሷ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ምንም ሳትል ሄደች። ከዕቃ ቤት የሐዲድ ብሎን መፍቻ ብረት አምጥታ በሩን መፈልቀቅ ጀመረች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ብረቱ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው፤ ሽርጧን ቀድዳ እጇ ላይ ጠቀለለችው። እኔ መስኮቴ ውስጥ ሆኜ አያታለሁ። ሠላሳ አንድ ሰው ነው ያን ቀን የሞተው። በኋላ ሐኪሙ ሲጽፍ አሥራ ዘጠኙ የሞቱት በመጨረሻው ሰዓት ነው አለ። በመጨረሻው ሰዓት ማለት በዚያ አርባ ደቂቃ ማለት ነው።»

ይህን ስትል ነው ያለቀሰችው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገረችው ነው፤ ለናሆምም። ያፌትም ዓይኑን ጠረገ።

«ለምን አሁን?» አላት።

«ሮዳን ከነጭራሹ ስላጠፋችኋት። ስሟን መልሱላት። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።»

«ምስክርነትዎ ይመዘናል፣ እማማ» አለ ያፌት። «ሐቀኛ ሰው ነዎት።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ከብዙ ዓመት በኋላ መጀመሪያ የራባት ያን ቀን ነው። ማታ ለፋርዶሳ ደውላ የቁልፉን ነገር ነገረቻት። ፋርዶሳ «ነግረሽኛል» አለች፤ ስልኩንም ዘጋች። ይቅር አልኩሽ አላለችም፤ ኤልዳናም አልጠየቀቻትም።

የአሮጊቷ ምስክርነት ለሕዝብ ተለቀቀ። በአሥራ አንድ ቀን ዘጠና ሚሊዮን ሰው አየው። ሰዉ በብዛት የቆመው «ኪሴ ውስጥ ነበር» ካለችበት ላይ ነው፤ አንዳንዱ ያንን ብቻ ሃያ ጊዜ አይቶታል። ከማይታወቁ አገሮች ደብዳቤ መጣላት። በመንገድ ያገኟት ልጆች ቀኝ ኪሳቸውን መታ መታ እያደረጉ ሰላምታ ሰጧት። ሚካያም ተመለሰ፤ ከአዳራሹ ደውለው ቤቱ እንደማይነካ፣ እንዲያውም ከፍ ወዳለው ደረጃ እንደሚዛወሩ ነግረውት ነበር።

«ለምንድን ነው የምንዛወረው?» አለችው።

«እኔንጃ እማዬ። ሕዝቡ ወዶሻል።»

ጳጉሜን ሁለት ቀን አዲሱ ላስገሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ነጩ መኪና ኤልዳናን ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ ያስቀመጧት መሃለኛው ወንበር ላይ ነው። አጠገቧ ፋርዶሳ ነበረች፤ እሷንም ጋብዘዋታል፤ አዲስ ሻሽ አድርጋለች። ሁለቱም ሮዳን ሊያዩ ነው የመጡት።

ባቡሩ ቆመ። ሙቀቱ መጣ። ሮዳም መጣች፤ ሰማያዊ ሽርጧን አሸርጣ፣ እንደ ድሮዋ ረጅም፣ እንደ ድሮዋ ችኩል። ፋርዶሳ የኤልዳናን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ሮዳ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄደች። መስኮቱ ውስጥ አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች። ኤልዳና ያንን ፊት አወቀችው፤ የራሷ ነው፤ ትንሽ አሳምረውታል።

«አንቺ ልጅ፣ ቁልፍሽን አምጪው» አለች ሮዳ።

ልጅቷ እጇን ቀኝ ኪሷ ከተተች። ከሦስት ሺህ ተመልካች የሚተነፍስ አልነበረም። ልጅቷ አመነታች፤ ናሆም ወዳለበት ቢሮ ተመለከተች፤ ከዚያ ቁልፉን አወጣችና ራሷ ሮጠች። የመጀመሪያው በር ተከፈተ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሰው እየተደጋገፈ ወረደ። አንድም ሰው አልሞተም። ሮዳ የልጅቷን እጅ ይዛ ሳመችው።

ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ኤልዳናም ተነሣች፤ «አይደለም! አልሰጠኋትም!» ብላ ጮኸች። ጭብጨባው ጨመረ። አንዲት ሕፃን አበባ ይዛ ወጣችላት። ዞር ስትል ፋርዶሳ ከወንበሯ የለችም።

ያፌትን በቢሮው አገኘችው። ተነሥቶ ተቀበላት።

«ከፈትኩ አላልኩህም» አለች። «የለኝም ብዬ እንደመለስኳት ነው የነገርኩህ።»

«ሁሉንም ነግረውኛል፣ እማማ። ሁሉም ተመዝኗል። ቁልፉ እርስዎ ኪስ ውስጥ እንደነበር ግን ከዚያ በፊት የሚያውቅ አልነበረም። ተመልካቹ አንዴ ቁልፉን ካየ በሩን በብረት መፈልቀቁ አይዋጥለትም። ቁልፍ ያለው ሰው እንዲከፍት ነው የሚጠብቀው።»

«እንግዲያው ሌላ ምስክርነት ልስጥ።»

«ይችላሉ። ክፍሉ ክፍት ነው።» ያፌት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ሁለተኛውን ማንም አያየውም። ያየውም ቢኖር ትሕትና ነው የሚለው።»

ሰጠች። መቶ አርባ ሰው አየው። ከእነሱም ስምንቱ ጻፉላት፤ ሁሉም ትሕትናዋን አደነቁ።

ፋርዶሳ ስልኳን አታነሣም ነበር። መስከረም ሲጋመስ ኤልዳና በማለዳ ገንደ ቆሬ ወረደች። የፋርዶሳ በር ተዘግቷል። ጎረቤቷ ብቅ አለችና፣ «ሄደዋል እኮ!» አለቻት። «ከነልጅ ልጆቿ። ጥላ ሰፈር ቤት ተሰጣቸው፤ እናቷ የዚያ ባቡር ታሪክ ዋና ሰው ሆናለች አሉ።»

አዲሱ ቤት ከኤልዳና ቤት በሦስት መንገድ ብቻ ይርቃል። ፋርዶሳ ራሷ ከፈተች። ውስጥ ልጆች ይሳሳቃሉ። የሚስል የለም፤ ስልክ ላይ ባወሩ ጊዜ ሁሉ ኤልዳና ትሰማው የነበረው የሕፃን ሳል ጠፍቷል።

«ልግባ ይሆን?» አለች ኤልዳና።

«ግቢ። ቤትሽ ነው።»

ተቀመጡ። ኤልዳና ስትመጣ ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር። አዳራሹን በሸንጎ እንክሰስ፤ አንቺ የሮዳ ልጅ፣ እኔ ምስክር፣ ሁለት ሰው ሁለት ሰው ነው ልትላት ነበር። እሱንም አለች። ፋርዶሳ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት።

«ኤልዳና» አለች በመጨረሻ። «አዲሱን ከዚያ ቀን በኋላ አይተሽዋል?»

«አላየሁም። አላይም።»

«እኔ በየዓርቡ እሄዳለሁ። እየረዘመ ነው። ሰው ወደደውና ቀጠሉት። በዚያኛው እናቴ አልሞተችም። ድሬ መጥታ ትኖራለች። ትድረኛለች። ሠርጌ ላይ አለች፤ ነጠላ ዘቅዝቃ ሳይሆን ዘፍና። ባለፈው ዓርብ አርጅታ አየኋት። ፀጉሯ ሸብቶ። አንቺ፣ የእናቴን ሽበት አየሁ እኮ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንቺ የምትይው እውነት ነው፤ አውቃለሁ። እውነቱ ውስጥ ግን ስድስት ዓመቴ ነው፣ እሷም በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው የሞተችው፤ በሽታው እንዳይዘኝ ብለው ደጅ ላይ ያዙኝ። ወደዚያ መልሺኝ ነው የምትይኝ?»

ኤልዳና ወደሚሳሳቁት ልጆች ዞረች።

«ትናንት የልጅ ልጄ ጠየቀችኝ» አለች ፋርዶሳ። «‹ኤልዳና ያዳነቻት የእኛ አያት ናት?› አለችኝ። አዎ አልኳት።»

ውጭ ከላይ የተዘረጋው ጣሪያ ንፋስ ሲያወዛውዘው ይሰማል። ፋርዶሳ ተነሥታ ሻሿን አሰረች።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አለች። «ነይ፣ አብረን እንያት። ለእኔ ስትይ።»

ኤልዳና እምቢ ማለት ነበረባት። ግን ይህች ሴት ከሃምሳ አንድ ዓመት ወዲህ ከእሷ የጠየቀቻት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛውን ሞክራ አልሆነላትም። ሄደች።

አዳራሹ በአዘቦት ቀን ጭር ይላል። በዚህ ሰዓት ተመልካች እየተጠጋ ባለታሪኮቹን ማናገር ይፈቀድለታል። ሮዳ አንዲት ሰገነት ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ ልብስ ትጠቅማለች። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። እጆቿ ደኅና ናቸው፤ ብረት አልነካቸውም። ፋርዶሳ እግሯ ሥር እንደ ሕፃን ተቀመጠች። ሮዳ ቀና ብላ አየቻትና በሶማልኛ ስሟን ጠራች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ኤልዳና መለሰች።

ኤልዳና ጎንበስ አለች። ለማንም ሳይሆን ለዚያ ፊት ብቻ እንዲሰማ፣ በዝግታ ተናገረች።

«ሮዳ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። የለኝም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

አሮጊቷ ፈገግ አለች። ድምፁ የሮዳ ነው፤ ትንፋሹ የሮዳ ነው።

«አውቃለሁ ልጄ» አለቻት። «መጀመሪያ ፈራሽ። ማን አይፈራም? ኋላ ግን ሰጠሽኝ አይደል?»

ፋርዶሳ በደስታ እያለቀሰች የኤልዳናን እጅ ሳበችና አጠገቧ አስቀመጠቻት። ኤልዳና ልትነሣ ፈለገች። እጇ ግን በፋርዶሳ እጅ ውስጥ ነበር፤ ሙቅ ነው፤ ጠበቅ አድርጋ ይዛታለች። የሰገነቷ አሮጊት መልስ እየጠበቀች፣ በትዕግሥት፣ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።